የተገለበጠው ስፒከር፦ በዱባይ ተራ የጊታር ማጉያ ሳጥን ለሚመርጡና ለሚጠግኑ

በመርካቶ ዱባይ ተራ የጊታር ማጉያ ሳጥን ለመግዛት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ያለውን ክፍል ነው፤ ጥቁሩን ቆዳ መሰል ልባስ በመዳፉ ይዳስሳል፣ የማዕዘኑን ብረት ያንኳኳል፣ ከፊት የተለጠፈውን የፋብሪካ ስም አንብቦ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሻጩም ስልኩን ከማጉያው ጋር አገናኝቶ ዘፈን ከፍ አድርጎ ሲለቅለት «ጥርት ያለ ነው» ብሎ አድንቆ ሒሳቡን ይከፍላል። አብሮት የመጣው ተለማማጅ ጠጋኝም ይህንኑ አድናቆት ተቀብሎ ከመድገም አልፎ የሳጥኑን ጀርባ ፈትቶ ለማየት አይነሣም። በዚህ መንገድ ከተመሰገኑት ሳጥኖች ጥቂት የማይባሉት ሲከፈቱ ከስፒከሮቻቸው አንዱ ከሌሎቹ በተቃራኒ የተገናኘ ሆኖ ይገኛል፤ «ጥርት ያለ» የተባለውም ድምፅ ወፍራሙ ክፍል ከተሰረዘ በኋላ የተረፈው ቀጭኑ ብቻ ነው። ጉድለት እንደ ጥራት ተቆጥሮ ሲመሰገን ማየት የእጅ ሙያን ለሚያከብር ሰው ሁሉ የሚያበሳጭ ነገር በመሆኑ፣ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ለዚህ አንድ ጉድለት ተሰጥቷል።

የስፒከሩ ወረቀት አለመቀደዱ፣ የሳጥኑ ጣውላ አለመሰንጠቁ፣ የጃክ መሰኪያው አለመወላለቁ፣ ብሎኖቹ መጥበቃቸው ዓይን ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም። ለሚከተለው ሐተታ ግን የስፒከር አሠራር በአጭሩ መታወቅ አለበት። ስፒከር የኤሌክትሪክ ሞገድን ወደ አየር እንቅስቃሴ የሚለውጥ መሣሪያ ሲሆን፣ ጠጋኞች ካላሚታ የሚሉት ቋሚ ማግኔት፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ ኮይል የሚባል የቀጭን መዳብ ሽቦ ጥቅል፣ እንዲሁም ከኮይሉ ጋር ተጣብቆ አየሩን የሚገፋ ወረቀት አለው። ኮረንቲ በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍበት ወረቀቱ ወደ ፊት ይወጣል፣ አቅጣጫው ሲለወጥ ወደ ኋላ ይገባል። በስፒከሩ ጀርባ ላይ ካሉት ሁለት የሽቦ ማሰሪያዎች አንዱ ፖዘቲቭ የተባለውም ኮረንቲ በእሱ በኩል ሲገባ ወረቀቱ ወደ ፊት እንዲወጣ ታስቦ ነው።

ስለ ኦም ብዙ ስለሚወራ ባጭሩ ማለፍ ይበቃል። ኦም አንድ ስፒከር ለኮረንቲ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ባለ 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ሲለካ 8 ሳይሆን ከ6 እስከ 7 ያህል ያሳያል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ የሚለካው የኮይሉን ሽቦ ብቻ እንጂ ስፒከሩ ሲሠራ የሚጨመረውን ተቃውሞ አይደለም፤ ይህን ያላወቀ ተለማማጅ ደኅናውን ስፒከር «ወርዷል» ብሎ ይጥላል። የሁለት ስፒከሮች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ሲታሰር ግንኙነቱ ትይዩ ወይም ፓራለል ይባላል፣ ሁለት ባለ 8 ኦሞችም 4 ኦም ይሆናሉ፤ የአንዱ ኔጌቲቭ ወደ ሌላው ፖዘቲቭ ሲገባ ደግሞ ተከታታይ ወይም ሲሪስ ይባላል፣ ሁለቱ 16 ይሆናሉ። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ በተባለው ማጉያው ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን በትይዩ አገናኝቶ በ4 ኦም ያሠራቸዋል፤ የማርሻል ባለ አራት ስፒከር ሳጥን ደግሞ ባለ 16 ኦሞቹን ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ በማያያዝ መልሶ 16 ኦም ላይ ያቆማቸዋል። በዚሁ አኳኋን የተገናኙ አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በጃኩ ላይ ሲለኩ ከ6 እስከ 7 ያሳያሉ፤ ቴስተሩ ከ12 እስከ 14 ካሳየ ከጥንዶቹ በአንዱ ውስጥ ኮይል ወይም መጋጠሚያ ተበጥሷል፣ ከአራቱም ሁለቱ ዝም ብለዋል ማለት ነው።

አራቱንም በትይዩ አያይዞ 2 ኦም ላይ የሚያወርድ ጠጋኝ አለ፤ የትራንዚስተር ማጉያ ተቃውሞው ባነሰ መጠን ብዙ ኮረንቲ ስለሚለቅ ሳጥኑ በሱቁ ውስጥ ይጮኻል፣ ገዢውም ይደሰታል፣ ማጉያው ግን ለዚያ ካልተሠራ በአንድ የሠርግ ምሽት ትራንዚስተሮቹን ያቃጥላል። በቫልቭ የሚሠራ ማጉያ በተቃራኒው ስፒከር ሳይሰካበት በኃይል ከተጫወተ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊበሳ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ጥፋቶች ግን በሙቀት፣ በጭስ ወይም በዝምታ ራሳቸውን ያጋልጣሉ፤ ባለቤቱ ተቆጥቶ ይመለሳል፣ ጠጋኙም ያርማል። ራሱን የማያጋልጠው የተገለበጠው ስፒከር ነው።

ተገለበጠ የሚባለው፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ካሉ ስፒከሮች የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተቀያይሮ ሲታሰርና ሌሎቹ ወደ ፊት ሲገፉ እሱ ወደ ኋላ ሲስብ ነው። ቴስተር ይህን ፈጽሞ ሊያሳይ አይችልም፤ ኮይል ከየትኛውም ጫፍ ቢለካ ተቃውሞው አንድ ነውና። ማጉያው አይሞቅም፣ ስፒከሩ አይቃጠልም፣ ፊውዝ አይበጠስም፣ ድምፅም ይወጣል። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለ ሳጥን ዓመታት ቆይቶ፣ ሦስትና አራት ባለቤት ለዋውጦ፣ በየመድረኩ ጊታሪስቱን «እጅህ ቀጭን ነው» እያሰኘ ይኖራል፤ ጊታሪስቱም ክር ይለውጣል፣ ፔዳል ይጨምራል፣ የቤዙን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ያዞራል፣ ችግሩ ግን ባለበት ነው።

የሚሰረዘው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ስሌት አለው። የጊታር ስድስተኛዋ ክር ሳትጨበጥ ስትመታ በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የዚህች ክር አንድ ሞገድ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ይበልጣል፣ በሴኮንድ 41 ጊዜ የምትርገበገበው የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ደግሞ ከ8 ሜትር በላይ የሆነ ሞገድ ታወጣለች። ጎን ለጎን የተቀመጡ ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች መሐል ለመሐል ያላቸው ርቀት ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ለዚያ ረጅም ሞገድ ሁለቱ ስፒከሮች በአንድ ቦታ እንዳሉ ይቆጠራሉ፤ አንዱ የገፋውን አየር ሌላው በዚያው ቅጽበት ይስበዋል፣ ወደ አድማጩ የሚደርስ ነገርም ከሞላ ጎደል አይኖርም። በሴኮንድ 2,000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ ግን የሞገዱ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች ወደ ጆሮ የሚደርስበት ጊዜ በአድማጩ አቋቋም ይለያያል፣ ስለዚህም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ገዢው የሚያደንቀው ጥራት ይህ ነው፤ ሥጋው ሄዶ አጥንቱ ሲቀር።

ሁለት ስፒከር ባለው ሳጥን ጉድለቱ በአንጻሩ ግልጽ ነው፣ የሠለጠነ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። አደገኛው ከአራት አንዱ የተገለበጠበት ሳጥን ነው፤ ሦስቱ ሲገፉ አንዱ ይስባል፣ ከሦስቱ የአንዱን ግፊት ያጠፋና የሁለት ስፒከር ግፊት ብቻ ይተርፋል፤ ወፍራም ድምፅ ስላለ ማንም አይጠረጥርም። ነገር ግን የአየሩ ግፊት በግማሽ ወርዷል፣ ይህን በማጉያው ኃይል ለማካካስ አራት እጥፍ ዋት ያስፈልጋል፤ በሌላ አነጋገር ባለ 100 ዋት ማጉያ የገዛ ሰው በወፍራሙ ድምፅ በኩል የ25 ዋት ያህል ጥቅም ብቻ ያገኛል፣ የቀረው ኮረንቲ ስፒከሮቹን እርስ በርስ ሲያታግል ይውላል። ለዋት ቁጥር በዱባይ ተራ ያን ያህል ክርክር እየተደረገ፣ ሦስት አራተኛውን የሚበላው የአንድ ሽቦ መገልበጥ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ጉድለቱ የሚፈጠርባቸው መንገዶች ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የሽቦው ቀለም ነው፦ ሁለቱም ዘንግ አንድ ቀለም የሆነ ጥንድ ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ጥቁር የመብራት ገመድ፣ በሳጥኑ ውስጥ ሲጠቀምበት ጠጋኙ የትኛው የቱ እንደሆነ በትዝታ ይሠራል፣ ስልክ ሲጠራው ወይም ደንበኛ ሲያናግረው ትዝታው ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሽቦ ራሱ ብዙ ጊዜ በአንደኛው ዘንግ ጎን ላይ በጥፍር ሲዳሰስ የሚሰማ ቀጭን ሸንተረር አለው፤ ፋብሪካው ያንን ያወጣው ሁለቱ እንዲለዩ ነው፣ ነገር ግን ከአሥር ተለማማጆች ሸንተረሩን በጥፍሩ ፈልጎ የሚጀምር አንድ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው ኮይሉ እንደገና የተጠቀለለ ስፒከር ነው፤ የተቃጠለ ስፒከር አዲስ ኮይልና አዲስ ወረቀት ሲገባለት የኮይሉ ሁለት ጫፎች ከወረቀቱ በላይ ወደ ማሰሪያዎቹ የሚወጡበት ወገን ከተቀያየረ፣ ቀይ ነጥብ ያለበት ማሰሪያ ከዚያ ወዲያ የሚናገረው ውሸት ነው። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ልማድ ነው፦ የቀድሞ ዘመን የጄቢኤል ስፒከሮች በቀይ ማሰሪያቸው ፖዘቲቭ ሲገባ ወረቀታቸውን ወደ ኋላ ይስቡ ነበር፣ ስለዚህ ከሌላ ፋብሪካ ስፒከር ጋር በአንድ ሳጥን ቀይ ከቀይ ጋር የታሰሩ እንደሆነ፣ ሥራው በወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ በአየር ላይ ስህተት ይሆናል።

ከእነዚህ ሦስቱ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፤ ቀለምም፣ ነጥብም፣ የፋብሪካ ምልክትም ማስረጃ አይደሉም፣ ማስረጃው የወረቀቱ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። እንቅስቃሴውን ለማየት ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሳጥኑ ከማጉያው ሙሉ በሙሉ ይነቀላል፣ በጃኩ አንድ አጭር የስፒከር ገመድ ይሰካል፣ ከዚያም የተራ የባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቭ ራሱ ከገመዱ ጃክ ጫፍ ጋር፣ ታችኛው ኔጌቲቭ ደግሞ ከጃኩ ግንድ ጋር ለቅጽበት ብቻ ይነካካል። ሁሉም ወረቀቶች አብረው ወደ ፊት ብቅ ካሉ ሥራው ጥሩ ነው፤ አንዱ ወደ ኋላ ከገባ ያ የተገለበጠው ነው፤ ሁሉም ወደ ኋላ ከገቡ ሳጥኑ በራሱ ውስጥ የተስማማ ነው፣ ግን ከሌላ ሳጥን ጋር ሲደረደር ይጣላልና የጃኩ ሽቦዎች መቀያየር አለባቸው። የጊታር ስፒከር ወረቀት ዳር ዳሩ ጠንካራ ስለሆነ የ1.5 ቮልት ድንጋይ የሚያመጣው እንቅስቃሴ ትንሽ ነው፣ በአራት ስፒከር ሳጥን ደግሞ ቮልቱ ለሁለት ስለሚከፈል ይበልጥ ያንሳል፤ በዚህ ጊዜ ባለ 9 ቮልቷን ባትሪ በቅጽበት መንካት፣ የእጅ ባትሪ ብርሃን ከጎን ማብራት፣ ወይም የጣትን ጫፍ በወረቀቱ ላይ በቀስታ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ጣት ከዓይን ያነሰ ይሳሳታል።

ባትሪ በእጁ የሌለው ሰው በጆሮውም ሊፈርድ ይችላል፣ ነገር ግን በሱቁ ውስጥ በሚለቀቀው ዘፈን አይደለም። የዱባይ ተራ መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ሳጥኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ የጎረቤት ሱቅ በራሱ ስፒከር ሌላ ዘፈን ይለቃል፣ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ» እያሉ ያልፋሉ፤ በዚህ ጫጫታ ውስጥ የሚሰማው ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ጉድለት ያለበት ሳጥን ከጤነኛው የተሻለ መስሎ ይታያል። ትክክለኛው የጆሮ ፈተና እንዲህ ነው፦ ሳጥኑ ከሌሎቹ ተለይቶ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ጊታር ይሰካል፣ ስድስተኛዋ ክር ሳትጨበጥ በቀስታ ትመታለች፣ አድማጩም ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ከሳጥኑ ግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይራመዳል። ጤነኛ ሳጥን መሐሉ ላይ ይወፍራል፤ በተገለበጠ ሁለት ስፒከር ሳጥን ግን አድማጩ ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ሲደርስ ድምፁ ባዶ ይሆናል፣ ከመሐሉ ሲወጣ በከፊል ይመለሳል። ድምፁ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚለዋወጥ ሳጥን «ሰፊ ድምፅ አለው» እየተባለ የሚመሰገንበት ጊዜ አለ፤ ይህ ስህተት ነው፣ ሳጥኑ የታመመ ነው።

የሮላንድ ጄሲ-120 ማጉያ በዚህ ረገድ ለየት ያለ አያያዝ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ስፒከሮቹ በአንድ ሽቦ አልተያያዙም፤ እያንዳንዱ በራሱ የ60 ዋት ማጉያ ይነዳል፣ የታወቀው የኮረስ ድምፁም የሚፈጠረው አንዱ ስፒከር ንጹሑን ሌላው የተንቀጠቀጠውን ድምፅ ሲያወጡ በአየር ላይ በሚደረገው ውህደት ነው። አንድ ጠጋኝ ከሁለቱ አንዱን ቀይሮ ሲመልስ ከገለበጠው፣ ያ ውህደት ወደ ስርዛት ይለወጣል፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ «የውስጥ ካርዱ ተበላሽቷል» ተብሎ ያልተበላሸ ነገር ያስቀይራል። በዚህ ማጉያ ላይ እያንዳንዱ ስፒከር ሽቦው ተነቅሎ ለየብቻው በድንጋይ መፈተን አለበት።

የዚህ ፈተና ልማድ በአዲስ አበባ ውስጥ አዲስ አይደለም፤ ይልቁንም የተረሳ ነው። ዋልያስ ባንድ በሒልተን፣ አይቤክስ ባንድም በራስ ሆቴል ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በተለይም በደርግ ጊዜ (1967–1983 ዓ.ም.) የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን እንግዳ እስከ ንጋት ክለብ ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር፣ አዲስ ማጉያም ከውጭ ማስገባት ቀላል አልነበረም። በኋላ ሮሃ ባንድን ያቆሙት እንደ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩምና እንደ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ያሉ ሙዚቀኞች ድምፅ በሸክላና በካሴት ሲቀር፣ ያን ድምፅ የተሸከሙትን ሳጥኖች የጠገኑ እጆች ግን ስማቸው በየትኛውም ሽፋን ላይ አልታተመም። ብዙዎቹ ሙያውን የጀመሩት በቫልቭ ራዲዮ ጥገና ስለነበር ሽቦን እንደ ጽሑፍ ያነቡ ነበር፤ በመጋጠሚያ ላይ ስታኞ (የሽቦ መበየጃ) ሲያደርጉ መጀመሪያ ሽቦውን በማሰሪያው ቀዳዳ አሳልፈው በፒንሳ አጥብቀው ያጥፉት ነበር፣ ስታኞው መያዣ እንዳይሆን፣ የታሰረውን የሚያሽግ ብቻ እንዲሆን።

ከእነዚህ አንዱ፣ በመርካቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለረጅም ዘመን የሠሩ አረጋዊ፣ በሙያው ባልደረቦቻቸው ዘንድ እስከ ዛሬ የሚታወሱበት ደንብ ነበራቸው፦ ተለማማጅ የሳጥን ጀርባ ከመክደኑ በፊት ድንጋዩን አምጥቶ በፊታቸው ይፈትን ነበር፣ ይህን ያልፈጸመ ብሎን እንዲያስር አይፈቀድለትም። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ቴስተሩ እኮ ልክ ነው ይላል» ሲላቸው «ቴስተር ቁጥር ያያል እንጂ ጊታር አይሰማም፤ ድንጋዩን አምጣ» ብለው እንደመለሱለት ይነገራል፣ ድንጋዩም ሲነካ ከአራቱ አንዱ ወደ ኋላ ገባ። የሚጠቀሙበት ሽቦ ሁልጊዜ ሁለት ቀለም ነበር፤ ሁለት ቀለም ሲጠፋ ከሁለቱ አንዱን ጫፉ ላይ ቋጠሮ አድርገውበት ያንኑ በሳጥኑ ሁሉ ኔጌቲቭ ያደርጉት ነበር፣ ሌላ ጠጋኝ ከዓመታት በኋላ ሲከፍተው በጨለማ እንኳ በጣቱ እንዲለየው። ሥራቸውን ሲጨርሱ በሳጥኑ የውስጥ ጣውላ ላይ በእርሳስ ኦሙን፣ የግንኙነቱን ዓይነትና ቀኑን ይጽፉ ነበር። እንዲህ ያለ የእርሳስ ጽሑፍ የተገኘበት አሮጌ ሳጥን ከነሙሉ ክብሩ መጠገን ይገባዋል፤ ከአንድ የማይረባ አዲስ ሳጥን አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ስለ ሽቦው ራሱ ትንሽ መባል አለበት፣ ምክንያቱም በዚህ ላይም የተሳሳተ ውዳሴ አለ። ወርቃማ ቀለም ያለው ወፍራም ሽቦ «ድምፅ ያሳድጋል» እየተባለ ይሸጣል፤ በሳጥን ውስጥ ያለው የሽቦ ርዝመት አጭር ስለሆነ፣ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከበቂ በላይ ነው፣ ከዚያ የሚበልጥ ውፍረት የሚጨምረው ነገር የለም። ሊጠየቅ የሚገባው ሽቦው ከውስጥ መዳብ መሆኑ ነው። ከላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በብዛት ይገባል፤ አንዷን ዘለላ በምላጭ ሲፍቋት ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ናት፣ ኮረንቲም የምታስተላልፈው የመዳብን ስድስት አሥረኛ ያህል ነው፣ ከሁሉ የሚከፋው ግን ስፒከሩ ሌት ተቀን ሲያንቀጠቅጣት ከማሰሪያው ሥር ቶሎ መሰበሯ ነው። በናስትሮ ተጠምጥሞ ያለ ስታኞ የቀረ መጋጠሚያም እንደዚሁ አይቆይም፤ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ናስትሮው ይንሸራተታል፣ ሽቦውም ድምፅ ሲበዛ ብልጭ እያለ ይቆራረጣል። ከጊታር እስከ ማጉያ የሚዘረጋውን ሽፋን ያለውን ቀጭን ገመድ ከማጉያ ወደ ሳጥን መጠቀም ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ የውስጥ ዘንጉ ለዚያ ኮረንቲ በጣም የቀጠነ ነው።

ከዚህ በላይ ከተባለው በዱባይ ተራ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅሙ ጥብቅ ደንቦች ይወጣሉ። ሁለቱም ዘንግ አንድ ቀለም የሆነ፣ ሸንተረርም ቋጠሮም የሌለው ሽቦ የታሰረበት ሳጥን ለጊዜው በትክክል ቢሠራም ጥሩ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም፣ የሚቀጥለው ጠጋኝ እንዲሳሳት የተዘጋጀ ነውና። ኮይሉ እንደገና የተጠቀለለ ስፒከር በድንጋይ ሳይፈተን ወደ ሳጥን አይገባም። ሁለት ሳጥን አብሮ የሚገዛ ሰው ሁለቱን በአንድ ድንጋይ፣ በአንድ አቅጣጫ ይፈትናል፣ የየራሳቸው ውስጥ ትክክል ሆኖ አንዱ ከሌላው በተቃራኒ የሚገፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ክራርን ወይም ቤዝ ክራርን በጊታር ማጉያ የሚጫወት ሙዚቀኛ ይህን ደንብ ከጊታሪስቱ ይበልጥ አጥብቆ ሊይዘው ይገባል፤ ወፍራሞቹ ክሮች የሚሸከሙት የዜማው መሠረት በተገለበጠ ሳጥን ቀድሞ የሚጠፋው ነው። ጀርባውን ለማስከፈት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ዘንድ ሳጥን አይገዛም፤ አራት ብሎን በካቻቪቴ ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ ለዋጋ ክርክር ከሚጠፋው ያንሳል።

በዱባይ ተራ የሚሠሩ ጠጋኞችም ሳጥን ከጠገኑ በኋላ ሥራቸውን በድንጋይ ፈትነው፣ በጃኩ ዙሪያ ባለው ሳህን ላይ ኦሙን፣ በውስጥ ጣውላው ላይ ደግሞ የግንኙነቱን ዓይነትና የጠገኑበትን ቀን እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ ባለቤቶችም ይህ ሳይጻፍ የጥገና ዋጋ አይክፈሉ።